ሐበሻነቴ ከዚህ ቍጥር ያወጣኛል?

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ስሆን የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አብራኝ የምትሠራ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ጥቁር ሴቶች በወሊድ ምክንያት ከነጮቹ ይልቅ በብዛት እንደሚሞቱ ከነገረችኝ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ባለቤቴ «ይህ የእነርሱ ጣጣ ነው፤ እኛ ሐበሾች ነን» ይላል። ይሁን እንጂ አምና እህቱ በወለደች በአምስተኛው ቀን ራስ ምታት ጸንቶባት ሆስፒታል ብትሄድ፣ «እንቅልፍ ማጣት ነው» ተብላ ተመለሰች፤ በማግሥቱ አንዘፍዝፏት ራሷን ስታ በአምቡላንስ ተወሰደች። ደግነቱ ተርፋለች። እንግሊዝኛዬ ብዙም አያስተማምንምና ምን ላድርግ? (ብ.)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሥራ ባልደረባዎ የነገረችዎ እውነት ነው። በ2023 በአሜሪካ በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር የሞቱት ጥቁር እናቶች 50.3፣ ነጮቹ ደግሞ 14.5 ነበሩ። ይህ ከ2,000 ጥቁር ወላዶች አንዷ ማለት ስለሆነ እንቅልፍ ሊነሳዎ አይገባም፤ ነገር ግን ጉዳዩን የሚያጠኑ የየግዛቱ ኮሚቴዎች ከእነዚህ ሞቶች ከ80 በመቶ የሚበልጡትን ማዳን ይቻል እንደነበር መመስከራቸው ነገሩን ከዕድል አውጥቶ የሕክምና አሰጣጥ ጥያቄ ያደርገዋል።

የባለቤትዎ አባባል በከፊል መሠረት አለው፤ ከአፍሪካ የመጡ ሴቶች አሜሪካ ከተወለዱት ጥቁሮች ይልቅ ያለጊዜያቸው የመውለዳቸው ዕድል ዝቅ ያለ ነው። ሆኖም የድንገተኛ ክፍል ነርስ ፊትዎን እንጂ የትውልድ አገርዎን አታይም። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ቢሆን ጥቁር ቆዳ ላይ መጠኑን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ለእርሱ ሐበሻ የሚባል ነገር የለም።

ገንዘብና ዝናም አይከልሉም። ጥቁር አሜሪካዊቷ የቴኒስ ተጫዋች ሴሬና ዊሊያምስ በ2017 በቀዶ ሕክምና በወለደች ማግሥት ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ቀድሞም ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቶባት ስለነበር ምን እንደያዛት ወዲያው ገባት። ሲቲ ስካንና የደም ማቅጠኛ እንደሚያስፈልጋት ስትናገር ግን ነርሷ የሕመም ማስታገሻው ያዘባረቃት መሰላት፤ ሐኪሙም መጀመሪያ እግሯን በአልትራሳውንድ መረመረ። አጥብቃ ስለጠየቀች ሲቲ ስካኑ ተነሣ፤ የረጋው ደምም ሳንባዋ ውስጥ ተገኘ።

እዚህ ላይ የእኛም አመል ጉዳት አለው። ምጥን ችሎ ዝም ማለት ጨዋነት ነው ብለን ያደግን ሴቶች ሐኪሙን «ደህና ነኝ» እያልን እናሳስታለን። ስለዚህ ሕመምዎን በልክና በሰዓት ይናገሩ፤ የደም ግፊትዎን ቍጥር ይጠይቁ። የላይኛው ቍጥር 160 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰና ካልወረደ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድኃኒት የሚያሻው ድንገተኛ ጉዳይ ነው። የፈሰሰ ደም በዓይን ግምት ብዙ ጊዜ አንሶ ስለሚታይ፣ የተነከረው ጨርቅ ተመዝኖ እንደሆነ ባለቤትዎ ይጠይቅ። ጥያቄዎ ችላ ከተባለ የክፍሉን ኃላፊ ነርስ ያስጠሩ፤ ምርመራውን የከለከለዎትም ሐኪም ምክንያቱን መዝገብዎ ላይ እንዲጽፍ ይጠይቁ።

ስለ ቋንቋው አይሳቀቁ። ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች የሠለጠነ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፤ በስልክም ቢሆን አማርኛ ይገኛል። ባለቤትዎ ግን አያስተርጉም፤ ደንግጦ ግማሹን ይውጠዋል።

የባለቤትዎ እህት የደረሰባት የሚመስለው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም ግፊት ነው። ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ከሚሞቱት ከግማሽ የሚበልጡት የሚሞቱት ከወለዱ ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አራስ ቤት ገንፎ እየተበላ «ራስ ምታቱ ብርድ ነው» የሚባልበት ሰሞን ነው። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር እብጠት ወይም ብዙ ደም ከታየ፣ አራሷን የምትጠብቅ ሰው ሳትዘገይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ትውሰዳት። እዚያም የመጀመሪያው ቃል «ወልዳለች» የሚለው፣ ከነቀኑ፣ ይሁን።

የባለቤትዎ እህትም የሕክምና መዝገቧን ቅጂ የማግኘት መብት አላት። ወደፊት ስታረግዝ ገና ከጅምሩ ለሐኪሟ ታሳየው፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ላላት ሴት ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ሊታዘዝላት ይችላል።