ስለ ጆን ሄንሪ ሙዚቃ ስታስጽፉ ለብቻችሁ አትነሱ

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ውስጥ የቼሎ ትምህርቴን ልጨርስ ነው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ስትሪንግ ኳርቴት (ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ ያለው ቡድን) አለን። በመዶሻ ሠራተኛው በጆን ሄንሪ የአሜሪካ አፈ ታሪክ ላይ አዲስ ሙዚቃ ማስጻፍ እንፈልጋለን። የሙዚቃ ደራሲውን ምን ብለን እንጠይቅ? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሐሳባችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ከገንዘቡ በፊት ግን አንድ ነገር አስቡ። ሥራው አንዴ ከቀረበ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ማን ይጫወተዋል? ብዙ አዲስ ቻምበር ሙዚቃ (ለጥቂት ተጫዋቾች የሚጻፍ ሙዚቃ) አንድ ምሽት ተሰምቶ ይረሳል፤ ያሳዝናል። ስለዚህ ሌሎች ሁለት ሦስት ኳርቴቶች ፈልጉና ክፍያውን ተካፈሉ። እያንዳንዱ በራሱ ከተማ ያቀርበዋል። ወጪው ይቀልላችኋል፣ ደራሲውም ብዙ መድረክ ያገኛል።

ለደራሲው የምትልኩት ኢሜይል አጭር ይሁን። ስንት ደቂቃ፣ ለየትኞቹ መሣሪያዎች፣ መቼና የት እንደሚቀርብ፣ ስንት እንደምትከፍሉ ቁልጭ አድርጋችሁ ጻፉ። ክፍያውን አትሸፋፍኑት። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ አሮን ኮፕላንድ «አፓላቺያን ስፕሪንግ» የተባለውን የባሌ ሙዚቃ የጻፈው የሙዚቃ ደጋፊዋ ኤልዛቤት ስፕራግ ኩሊጅ ከፍላው ነው፤ ክፍያው 500 ዶላር ነበር። በ1944 የቀረበበት የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ትንሽ ስለሆነ ለ13 መሣሪያ ብቻ ጻፈው። ልክና ገደብ ደራሲን ያግዛል እንጂ አይጎዳም።

አሁን ወደ ጆን ሄንሪ። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ የባቡር ዋሻ ለመቆፈር ዓለት በመዶሻ የሚበሳ። በእንፋሎት ከሚሠራ መሰርሰሪያ ጋር ተወዳድሮ አሸነፈ፣ ወዲያው ሞተ ይባላል። ብዙዎች ቦታው ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ቢግ ቤንድ ዋሻ ነው ይላሉ፤ ቨርጂኒያ ነው የሚሉም አሉ። እኔን የሚማርከኝ ግን ጎኑ ያለው ሰው ነው። መዶሻው በወረደ ቁጥር ዓለቱን የሚበሳውን ብረት ይዞ ትንሽ የሚያዞረው ሠራተኛ። መዶሻው ከሳተ እጁ ሄደ ማለት ነው። ያ ሰው ለቼሎ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ ለደራሲው ንገሪው።

አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ደራሲ ጁሊያ ዎልፍ ስለ ጆን ሄንሪ ከሚዘፈነው የሕዝብ ዘፈን ከ200 በላይ የተለያዩ ቅጂዎች ተነስታ «ስቲል ሀመር»ን ለሦስት ድምፃውያንና ለስድስት ተጫዋቾች ጽፋለች። ስሙት፤ እናንተ ሌላ በር እንድትፈልጉ ይረዳችኋል። ጥንታዊው ዘፈን ባለቤት የለውም። የአንድ ዘፋኝ ቅንብር ወይም የተቀዳ ድምፅ ግን ባለመብት ስላለው ፈቃድ ጠይቁ።

ውሉ ላይ ግማሹን ስትፈራረሙ፣ ግማሹን ኖታው ሲደርሳችሁ ብትከፍሉ የተለመደ ነው። የማስረከቢያ ቀኑን ከኮንሰርቱ ብዙ ወራት ቀደም አድርጉት፤ ደራሲዎች ይዘገያሉ። ለስንት ጊዜ እናንተና ተባባሪዎቻችሁ ብቻ እንደምትጫወቱት፣ ማን መቅዳት እንደሚችልም ይጻፍ። ለገንዘብ ድጋፍ ቻምበር ሙዚክ አሜሪካ የተባለውን ድርጅት ተመልከቱ፣ የዘንድሮውን መስፈርት ከራሳቸው አጣሩ። ማመልከቻው ላይ የተባባሪ ኳርቴቶቹ ስም ካለ ክብደት ይኖረዋል።

በዚህ ሳምንት ሁለት ኳርቴቶች አናግሩ። ከዚያ የኢሜይሉን ረቂቅ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።