«ልጄ ሌሊቱን አይተኛም፤ ለማን ልደውል?» የኪንግ ካውንቲ የክራይሲስ ማዕከላት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሲያትል አካባቢ በሕክምና አስተርጓሚነት ከሠራሁ ዓመታት አልፈዋል። ብዙ ጊዜ የምጠራው የአእምሮ ሕመም ድንገት የጠናበት ሰው ሲኖር ነው። በካውንቲው በ2023 በሕዝብ ድምፅ ስለጸደቁት የክራይሲስ ማዕከላት ጠያቂ ሲበዛብኝ፣ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር።

ጥ፦ እህቴ፣ ይሄ ክራይሲስ ሴንተር የሚሉት አማኑኤል ዓይነት ነገር ነው?

አይደለም። አማኑኤል ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ገብቶ መቅረት ነው። ይሄኛው ያለ ቀጠሮ፣ ቀንም ሌሊትም በእግርህ ገብተህ የምትታይበት ነው። ወዲያው የሚያይህ ክሊኒክ አለ፤ እስከ 23 ሰዓት የሚያቆይ ክፍል አለ፤ ካስፈለገም እስከ 14 ቀን ተኝተህ ትታከማለህ። ኢንሹራንስ የለህም ብሎ የሚመልስህ የለም።

ለውጡ የሚገባህ የቀድሞውን ስታውቅ ነው። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው ካውንቲ ለክራይሲስ የነበረው 46 አልጋ ያለው አንድ ማዕከል ብቻ ነበር፤ እሱም ፖሊስ ወይም ሆስፒታል ካልላከህ አይቀበልህም። ስለዚህ ሰው ኢመርጀንሲ ኮሪደር ላይ ያድር ነበር፣ አለዚያም እስር ቤት።

ጥ፦ የት የት ነው ያሉት?

አምስት እንዲሆኑ ነው የታቀደው፤ አራቱ በካውንቲው አራት አቅጣጫ፣ አንዱ ለልጆችና ለወጣቶች። በ2024 ከርክላንድ ላይ የተከፈተው ቀድሞ ሥራ ጀምሯል፤ እሱ ለአዋቂ ነው። ሌሎቹ በየተራ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የደቡቡ ነው። ስንቱ ወገናችን ሬንተን፣ ኬንትና ታክዊላ ነው ያለው፤ የታመመ ሰው ጭኖ በ405 አውራ ጎዳና ከርክላንድ ድረስ መንዳት ከባድ ነው። በስብሰባ ላይ ድምፃችንን ማሰማት ካለብን ለዚህ ነው።

ጥ፦ ፕሮፐርቲ ታክሴ የጨመረው በዚህ ነው?

በከፊል። በ2024 የተጀመረው ከእያንዳንዱ 1,000 ዶላር የቤት ግምት 14.5 ሳንቲም ነው፤ 800,000 ለተገመተ ቤት በዓመት 116 ዶላር። የሚቆየው 9 ዓመት፣ እስከ 2032 ነው። ከ2018 ወዲህ ካውንቲው ለረጅም ሕክምና ከነበሩት 355 አልጋዎች ሲሶው ያህል ጠፍቶበት ነበር፤ ገንዘቡ እነሱን ለመመለስና ለሠራተኛ ደመወዝም ይውላል። እኔ ያለ ቅሬታ ነው የምከፍለው።

ጥ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ እሷ ብታስተረጉምልኝስ?

እባክህ ወንድሜ፣ ይሄን አታድርግ። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ያየሁትን ልንገርህ፤ የቱ እንደሆነ ይቅር። አንድ አባት ሐኪሙን «ደክሞኛል፣ ማረፍ ነው የምፈልገው» አሉት። ልጅቷ «ደክሞታል፣ መተኛት ይፈልጋል» ብላ አስተረጎመች። እዚህ ያደገች ናት፣ አረፈ ማለት ሞተ ማለት እንደሆነ ከየት ታውቀው? ሐኪሙ የእንቅልፍ መድኃኒት ሊጽፍ ሲል ነው እኔ የገባሁት። «ማረፍ ሲሉ መሞት ማለትዎ ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው አንገታቸውን ደፉ፤ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለህ። ለድንገተኛ የአእምሮ ጭንቀት የሚደወልበት ቁጥር 988 ነው፤ ደውለህ «አማሪክ» ብቻ በል፣ ስልኩን ሳትዘጋ ጠብቅ፤ አስተርጓሚ ያስገቡልሃል። በቴክስት ከሆነ ግን የሚመልሱት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ስለሆነ በድምፅ ደውል። ስልክህ የሌላ ስቴት ቁጥር ከሆነ ያለህበትን ከተማ መጀመሪያ ንገራቸው።

ጥ፦ አስተርጓሚው ቢያውቀኝስ? አገሩ ሁሉ ይሰማል።

ፍርሃትሽን አውቀዋለሁ፤ እኔም ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው ሰዎች ጋ ተጠርቼ አውቃለሁ። ምስጢር መጠበቅ ግዴታችን ነው። ካልተመቸሽ ግን «በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ይሁን» በይ፤ የስልክ አስተርጓሚ ብዙ ጊዜ ሌላ ስቴት ያለ ሰው ነው። ስምሽን እንዲሰማ ካልፈለግሽም ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው።

ጥ፦ ጠበል እየወሰድነው ነው። መድኃኒት ይከለከላል?

ጠበሉንም መድኃኒቱንም ይውሰድ። ጾምም ከሆነ መቼ ከምግብ ጋር እንደሚወሰድ ሐኪሙን ጠይቁ። መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ግን በሽታውን አብሶ ሲመልሰው ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጥ፦ እምቢ አልታከምም ካለስ?

ሕጉ ከባድ ነው። አስገድዶ ማስገባት የሚችለው በካውንቲው የተሰየመ ባለሙያ ነው፤ ሰውየው ለራሱ ወይም ለሌላው አደጋ ከሆነ፣ ወይም ራሱን መጠበቅ ፈጽሞ ካቃተው። መጀመሪያ የሚያዘው እስከ 120 ሰዓት ነው፤ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል አይቆጠርም። ከዚያ በላይ ለማቆየት ፍርድ ቤት ነው፣ ጠበቃም ይቆምለታል። ባለሙያው አይቶት «አልይዝም» ካለ፣ የቅርብ ቤተሰብ ራሱ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል፤ ይሄ ከ2015 ጀምሮ የዋሽንግተን ሕግ ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም።

ጥ፦ ልጄ፣ እናትሽ ነኝ። ወንዱ ልጄ 22 ዓመቱ ነው። አራት ሌሊት አልተኛም፣ ብቻውን ያወራል፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈነው። 911 ብደውል ፖሊስ ይገድልብኛል ብዬ ፈራሁ።

እማማ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። መሣሪያ ካልያዘ፣ ራሱንም ሰውንም ካልጎዳ 911 አይደውሉ። 988 ይደውሉና «አማሪክ» ይበሉ፤ ሲገናኙ ቤት ድረስ የሚመጣ ተንቀሳቃሽ ቡድን ይጠይቁ። ፖሊሶች አይደሉም፣ ባለሙያዎች ናቸው። አራት ሌሊት አለመተኛቱን፣ ብቻውን ማውራቱን፣ የመስኮቱንም እንደነገሩኝ ይንገሯቸው።

ነገሩ ጠንቶ 911 የግድ ከሆነ፣ ቶሎ ብለው «ልጄ ታሟል፣ መሣሪያ የለውም፣ በክራይሲስ የሠለጠነ ፖሊስ ላኩ» ይበሉ። ቢላዋውን ሰብስበው ይደብቁ፣ በሩን ከፍተው ውጭ ይጠብቋቸው። ብቻዎን መኪና ውስጥ ይዘውት አይውጡ። ዛሬውኑ ይደውሉ እማማ፣ አምስተኛውን ሌሊት አይጠብቁ።