ከጩኸቱ በፊት የሚሠራው ሥራ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በቱሉ አውሊያ ግቢዎች ለምትማሩ ልጆቼ፤

ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ተማሪዎች ራሳቸው የሚመሩት እንቅስቃሴ ግቢያችሁ ውስጥ ልትጀምሩ ካሰባችሁ እሰየው። ድፍረቱ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ሰልፉ ይቀድምና ማስረጃው ይጠፋል። የልጅቷ ስም በቴሌግራም ሲዞር ይሰነብትና አቃቤ ሕግ ዘንድ ሲደረስ የሚቆጠር ነገር አይገኝም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ስለ እሷ የሚጮኸው ሰው በዝቶ እሷን የሚጠይቃት መጥፋቱ ነው።

ጥቃት ሲደርስ መጀመሪያ የሚያልፈው ቀነ ገደብ የሕክምናው ነው። ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጣት መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢሆን ደግሞ እጅግ ይሻላል። የሚወሰደው ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። መድኃኒቱ ያቅለሸልሻል፤ ዶርም ውስጥ ደግሞ «የምን ክኒን ነው?» የሚል አይጠፋም። ስለዚህ አብሯት የምትሆነው ልጅ ሥራ ሆስፒታል ማድረስ ብቻ አይደለም፤ ክኒኑ ከሰው ዓይን ርቆ የሚቀመጥበትን ቦታ መፈለግ፣ ሰዓቱን ማስታወስ፣ ቢያስመልሳት ከማቆም ይልቅ ወደ ሐኪሙ መመለስም የእሷ ድርሻ ነው። እርግዝና መከላከያው፣ እናንተ ፖስት ፒል የምትሉት፣ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል፤ በዘገየ ቁጥር ግን ኃይሉ ይቀንሳል። የጉበት ቫይረስ ክትባትና የአባላዘር በሽታ መከላከያም ጠይቁላት። እርግዝና ቢፈጠርም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በመደፈር የመጣ ጽንስ እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። ለዚህም የእሷ ቃል ይበቃል፤ ፍርድ ቤት ወንጀለኛውን እስኪፈርድበት መጠበቅ የለባትም። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ካጋጠማችሁ አንቀጹን በትሕትና ንገሩት፤ ካልተቀበለ ኃላፊውን ጠይቁ።

ልብሷን አትጠቡ፣ እሷም ሳትታጠብ ብትመረመር ይመረጣል። እያንዳንዱን ልብስ ለብቻው በወረቀት ከረጢት አድርጉት። በላስቲክ ከታሰረ ይታፈንና ይሻግታል፤ በኮምቦልቻ ሙቀትማ ሳይውል ሳያድር ነው። እርጥብ ከሆነ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ታጥባ ቢሆንም፣ ቀናት አልፈው ቢሆንም «አበቃ» አትበሏት፤ ቁስልም ምልክትም በምርመራ ይመዘገባል።

ሆስፒታል በር ላይ «መጀመሪያ የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ» የሚል ሊገጥማችሁ ይችላል። ደብዳቤው የሚያስፈልገው ለምርመራ ማስረጃው ነው፤ መድኃኒቱን ግን ሊያዘገየው አይገባም። «መከላከያው ይጀመርላት፣ ደብዳቤውን እናመጣለን» በሉ። ሐኪም፣ ፖሊስና አቃቤ ሕግ አንድ ላይ የሚሠሩበት የአንድ ማዕከል አገልግሎት ባለበት ሁሉ ወደዚያ መሄድ ይሻላል፤ ታሪኩን በየቢሮው ደጋግማ ከመናገር ያድናታል። የትኛው ክፍል እንደሆነና ማታ ማን ተረኛ እንደሚሆን ችግሩ ከመድረሱ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። ለባጃጅ የሚሆን ጥቂት ብርም ከመዋጮው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ገንዘብ መሰብሰብ አይቻልም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። አስገድዶ መድፈር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በቡድን ወይም በጭካኔ ከተፈጸመ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። መጠጥ ውስጥ ነገር ጨምሮ፣ ራሷን እንድትስት አድርጎ መድፈርም በዚሁ ይካተታል። ይህ ወንጀል የግል አቤቱታ አይጠብቅም። ስለዚህ ወላጆች ከገጠር መጥተው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሳ ተቆርጦ ቢታረቁም ክሱ በእርቅ አይዘጋም። በወሎ አበጋሮቻችን ደም የሚያደርቁ፣ ጎረቤት የሚያስታርቁ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ይህ ጉዳይ ግን በእጃቸው አይደለም። ይህን ለእነሱ አስቀድሞ ማስረዳት ይቻላል፤ ብዙዎቹም ይሰማሉ። «ያገባትና ይለቅ» የሚለውም ቀርቷል፤ ጠልፎ ማግባት በድሮው ሕግ ከቅጣት ያድን ነበር፣ አሁን አያድንም።

ግቢ ውስጥ የሚበዛው ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ አስተማሪ በግሬድ የሚያስፈራራው። ኃይል ሳይጠቀም በመምህርነቱ ያገኘውን ሥልጣን ተጠቅሞ ፈቃዷን ካስገደደ አንቀጽ 625 ይመለከተዋል። ይሄኛው በአቤቱታ የሚያስቀጣ ነው። በሕጉ አንቀጽ 213 ደግሞ አቤቱታ የሚቀርበው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው። «ሴሚስተሩ ይለቅ፣ ግሬዱ ይውጣ» እየተባለ ሲጠበቅ 3 ወሩ ያልቃል። እኔ በግቢ ጉዳዮች ላይ ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ማንም አይነግራችሁም።

አስተማሪው የላከላትን መልእክቶች ሳይውሉ ሳያድሩ ስክሪንሾት አድርጉ። በቴሌግራም ላኪው ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። በስልኳ የመዘገበችው ስም ብቻ ሳይሆን ቁጥሩና ቀኑ ይታይ፤ ዋናው ውይይትም አይሰረዝ። ቀኑ፣ ቦታው፣ ማን ምን እንዳለ በራሷ ቃል ትጻፍ፤ «ክብሬን ነካ» ከሚለው ይልቅ የተባለው ቃል ራሱ ይጻፍ፣ ጸያፍም ቢሆን።

ለዩኒቨርሲቲው የሚገባ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይሁን። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ካልሰፈረ አልገባም ማለት ነው። ለሥርዓተ ጾታ ክፍል፣ ለተማሪዎች አገልግሎት ዲን፣ ለፕሬዚዳንቱ ግልባጭ። በቃል «እናየዋለን» ከተባላችሁ በማግስቱ «በዚህ ቀን እንዲህ ተብለናል» ብላችሁ በጽሑፍ አስገቡ። አሰልቺ ነው፤ ኃላፊ ሲቀየር ግን የሚቀረው ይህ ወረቀት ብቻ ነው። የግቢው የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ማባረር ይችላል፣ ማሰር አይችልም፤ ፖሊስም ከግቢ ማባረር አይችልም። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሊሄዱ ይችላሉና አንዱ ሌላውን ይጠብቅ ሲባል አትቀበሉ።

የአጥቂዎችን ስም ዝርዝር ስለ መለጠፍ ትጠይቁኛላችሁ። በ1990 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ 1983፣ አሜሪካ በሚገኘው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች የአጥቂዎችን ስም በላይብረሪ መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ መጻፍ ጀመሩ፤ አስተዳደሩ ቀለም ቀባበት፣ እነሱም መልሰው ጻፉ። ነገሩ ገነነና ዩኒቨርሲቲው ደንቡን ለማሻሻል ተገደደ። ያንን የጻፉት ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ነው። እኛ አገር ስም መለጠፍ በአንቀጽ 613 በስም ማጥፋት ያስከስሳል፤ ከሳሽ ሆና የመጣችው ልጅ ተከሳሽ ትሆናለች። ለአጥቂው ጠበቃም «በቴሌግራም ተማክረው ነው የመጡት» የሚል መከላከያ ታቀብሉታላችሁ። ስሙ ለመርማሪው ይሰጥ። እናንተ በአደባባይ የምትጠይቁት አሠራሩን ይሁን። ስንት ማመልከቻ ገባ? ስንቱ ተወሰነ? በስንት ቀን?

የሎው ሙቭመንት የተባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች መብት እንቅስቃሴ በ2003 ዓ.ም ሲጀመር ሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። አበባ ሸጦ ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች ገንዘብ ማሰባሰቡ ለአንዳንዱ ቀላል ይመስላል፤ ችግረኛ ተማሪ ግን ጥቃት የሚያገኛት ብዙ ጊዜ በገንዘብ በኩል ነው። የፎቶኮፒ ብር፣ የቤት ኪራይ፣ ለእረፍት የአገር ቤት መሳፈሪያ። ይህን ከሰልፍ አሳንሳችሁ አትዩት።

ለግቢያችሁ ጥያቄ ስታዘጋጁ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሦስት አራት ሆናችሁ ከላይብረሪ እስከ ዶርም ሂዱ። የማይበራ አምፖል፣ የማይቆለፍ መጸዳጃ ቤት፣ ጥበቃ የሌለበት የአጥር ቀዳዳ በካርታ ላይ ይሰፍራል። በደሴ ክረምት ጉም ወርዶ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ግቢ ነው የሚሆነው፤ ያኔም እዩት። «ጸጥታ ይጠበቅ» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም፤ «ከዚህ ሕንፃ እስከዚያ ሕንፃ 6 አምፖል ይተካ» የሚል ግን የጥገና ክፍሉ እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም። የአቤቱታ ሳጥን ካስቀመጣችሁ የዶርም ተቆጣጣሪዋ፣ የፕሮክተሯ በር ሥር አታድርጉት፤ የሚያስገባ ይታያልና ባዶውን ይከርማል።

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃችኋል። ታሪኳን የሚያውቁት ግን ሁለት ብቻ ይሁኑ፤ ሌሎቹ ጉዳይ እንዳለ እንጂ የማን እንደሆነ አይወቁ። መድረክ ላይ ልናገር ካለች ትናገር፤ ጠዋት እሺ ብላ ከሰዓት እምቢ ብትል ምክንያት አትጠይቋት። ክስ አልፈልግም ብትልም ሕክምናውን አብራችኋት ጨርሱ። በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ያየውን ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ክፍል ውስጥ ከጎናችሁ የተቀመጠችው ምን ይዛ እንደመጣች አይታወቅምና ስብሰባ ላይ ዝርዝር ሲነገር መውጣት የምትፈልግ በነፃ ትውጣ። ወንዶች ልጆቼ፣ እናንተም ጥቃት ሊደርስባችሁ ይችላል፤ የ72 ሰዓቱ ነገር ለእናንተም ያው ነው። በቡድኑ ውስጥ ደግሞ በር መጠበቅ፣ ባጃጅ መጥራት፣ የዶርም ጓደኛን ቀልድ ማስቆም አለላችሁ፤ ማይክራፎኑን ተዉት።

ሦስት አራት ዓመት ቆይታችሁ ትመረቃላችሁ፤ አብዛኛው የግቢ ቡድን የሚሞተውም በምረቃ ነው። ከመጨረሻው ሴሚስተር በፊት ሁለት የሁለተኛ ዓመት ልጆች አስገቡ። የምታስረክቧቸው የመዝገብ ቤት ቁጥሮችን፣ የተረኞችን ዝርዝር፣ የመብራቱን ካርታና የቀረውን ብር ነው። የልጆቹ ስምና ቃል ያለበት ወረቀት ለባለታሪኳ ይመለሳል። ባለታሪኳ ካልፈለገች እሷ ባለችበት ይቀደዳል፤ ስልክ ውስጥ ያለውም ይጠፋል፣ ከቴሌግራም «ሴቭድ» ጭምር።