ከጅማ ወደ አፋር ለፊልድ ለምትወጪው

እህቴ፣ «ጂኦሎጂ ጨርሼ ጅማ ነኝ፤ ኅዳር ላይ ለ20 ቀን አፋር ፊልድ ልወጣ ነው፤ ምን ልያዝ?» ብለሽ ለጠየቅሽው። መዶሻና ሉፕ (የእጅ ማጉያ መነጽር) የሚልሽ ሞልቷል፣ እሱን ልዝለለው።

1. የጂፒኤስሽን ዳተም (ቦታ የሚለካበትን መነሻ ሥርዓት) ሳታዪ ከጅማ እንዳትነሺ። የድሮዎቹ 1:50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ዳተም የተሠሩ ናቸው፣ ጂፒኤሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ዳተም፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው የሚመጣው። ከተቀላቀሉ ነጥብሽ ካርታው ላይ ወደ 200 ሜትር ይሸሻል። ጅማም አብዛኛው አፋርም በካርታው ፍርግርግ (ዩቲኤም) አንድ ዞን፣ ዞን 37 ውስጥ ስለሆኑ ቁጥሩ ደህና ይመስላል፣ የሚጠረጥር የለም። እዚያ ግን ፎልቶቹ (ዓለቱ ተሰንጥቆ የተንሸራተተባቸው መስመሮች) ጎን ለጎን ተደርድረው ነው ያሉት፤ 200 ሜትር ማለት ናሙናሽ ፎልት ተሻግሮ ሌላ ድንጋይ ላይ ተመዘገበ ማለት ነው። ብዙ ብር የወጣበት የዕድሜ ልኬት የሌላ ዓለት ታሪክ ይሆናል! በየገጹ ራስ ላይ ዳተሙን ጻፊ። ከተጻፈ ቢሮ ገብቶ ይቀየራል፤ ካልተጻፈ የትኛው በየትኛው እንደተነበበ የሚያውቅ አይገኝም።

2. ኮምፓሱን ባዛልት (ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ላይ አስደግፈሽ አታንብቢ፣ በውስጡ ያለው ማግኔታይት (የብረት ማዕድን) መርፌውን ይስበዋል። ራቅ ብለሽ አነጣጥሪ፣ ከምትለኪው መስመር ከሁለቱም ጫፍ አንብቢ፤ ልዩነቱ 180 ዲግሪ ካልሆነ ቁጥሩን ጣይው። ደግሞ እኛ ጅማ ዓለት ለማየት ወንዝ ወይም የድንጋይ ካባ ነው የምንወርደው፣ ሌላው ቀይ አፈር ነው። አፋር ሁሉም ገሃድ ነው፣ ግን ፀሐይ ላይ የኖረው ድንጋይ ፊቱ ይጠቁራል። ራዮላይቱን (ፈካ ያለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ባዛልት ብለው የሚመለሱ አሉ። ስበሪና አዲሱን ፊት እዪ።

3. ውሃ ለመጠጥ ብቻ በሰው በቀን 6 ሊትር፣ ከምግብና ከመታጠቢያ ጋር 10። በ20 ሊትር ጀሪካኖች ይከፋፈል፣ አንዱ ቢቀደድ ሌላው አለ። ኦአርኤስ አንድ ፓኬት በ1 ሊትር፤ አወፍራለሁ ብለሽ በግማሽ ሊትር አትበጥብጪ። ሥራ ከንጋቱ 11:30 እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ከ10 በኋላ። ጃንጥላሽን ያዢ፣ ለጥላ።

ድንጋይ ስታገላብጪ የመዶሻውን ጫፍ ከማዶው ጠርዝ አስገብተሽ ወደ ራስሽ ሳቢ። ድንጋዩ በአንቺና በጉድጓዱ መሃል ይቆማል፤ ጊንጥም እፉኝትም ቢኖር ወደ ማዶ ይወጣል። ማታ ጫማሽ አፍ ላይ ካልሲ ጠቅጥቂ። ያንጉዲ ራሳ ፓርክ በኩል የዱር አህያ ካያችሁ ሾፌሩ እንዳያባርር፤ በዓለም የቀረው ጥቂት ነው፣ በዚያ ሙቀት ማሯሯጥ ግፍ ነው።

ጎማው አሸዋ ላይ ወደ 20 ፒኤስአይ ይውረድ፣ ባዛልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ግን ይነፋ። የላላ ጎማ ጎኑን ድንጋይ ይበላዋል። ኮምፕሬሰርና 2 ትርፍ ጎማ ግድ ነው፣ የፕሮሶፒስ (የወራሪው ዛፍ) እሾህ አይምርም።

በየደረስሽበት ቢሮ የምታሳዪውን የትብብር ደብዳቤ ማኅተሙ በደንብ የሚታይ 10 ኮፒ አድርጊ፣ ዋናውን ለማንም አትልቀቂ። ዋናውን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከቶ «ኃላፊው የሉም፣ ነገ ተመለሺ» የሚል አይጠፋም፤ ውሃሽ ደግሞ ነገን አይጠብቅም። መንገድ ላይ መሪያችሁ ሰው አግኝቶ ለዳጉ (ለአፋሮች የወሬ ልውውጥ) ሲቆም አታጣድፉት። የትኛው ጉድጓድ እንደደረቀ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ የሚሰማው እዚያ ነው።

የድንጋይ ናሙና በጨርቅ ከረጢት። ጨውና ፖታሽ ከሆነ ግን እዚያው ሜዳ ላይ በድርብ ፕላስቲክ፣ አየሩን አስወጥተሽ እሰሪ፤ ካርናላይት (አንዱ የፖታሽ ጨው) እርጥበት ስቦ ይሟሟል። የጅማን አየር ታውቂዋለሽ፣ ሳይታሸግ ከገባ ከረጢቱ ውስጥ የምታገኚው ውሃ ነው።