ከጨርቅ ቁርጥራጭ ለስጦታ የሚሆን የድስት መያዣና የስኒ ማስቀመጫ፦ ጥያቄና መልስ

ልኮቹ በሴንቲ ሜትር ናቸው። የስፌት ትርፉ፣ ማለትም ከስፌቱ እስከ ጨርቁ ጠርዝ ያለው፣ በሁሉም 1 ነው።

ጥያቄ፦ ከልብስ ሰፊ አንድ ፌስታል ሙሉ ቁርጥራጭ አገኘሁ። ለድስት መያዣ የቱ ይሆነኛል?

መልስ፦ ጥጡ ብቻ፣ እህቴ። ከእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ክር መዘሽ በክብሪት ለኩሺው። ጥጥ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ግን ይኮማተርና ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። የጋለ ምጣድ ሲነካውም እንደዚያው ይቀልጣል፣ እጅ ላይም ይጣበቃል። ከኔቴራ ጥጥም ቢሆን ይቅር፤ ስለሚለጠጥ ካሬው ካሬ ሆኖ አይቆይም። የመረጥሽውን ሁሉ ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢው፤ የሚገባው ይግባ፣ ቀለሙን የሚለቅም አሁኑኑ ይለይ። በተለይ ቀዩን።

ጥያቄ፦ ለአንድ መያዣ ስንት ካሬ ያስፈልጋል? ስሰፋው ሁልጊዜ ያንስብኛል።

መልስ፦ 8 በ8 የሆኑ 9 ካሬዎች። ሦስቱ ሲደረደሩ 24 ናቸው፤ ሁለቱ መጋጠሚያዎች 2፣ 2 ሲበሉ 20 ይቀራል። የሚያንስብሽ እዚህ ጋ ነው። በአንድ መጋጠሚያ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ብትገቢ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚቀነስ 4 ሚሊ ሜትር ይጠፋል፣ በሁለቱ 8። ከመርፌው 1 ሴንቲ ሜትር ለክተሽ መኪናው ላይ ፕላስተር ለጥፊ፣ የጨርቁንም ጠርዝ በፕላስተሩ አስኪጂ።

ካውያ ስታደርጊ የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ረድፍ መጋጠሚያ ወደ ቀኝ፣ የመካከለኛውን ወደ ግራ አስተኚ። ረድፎቹ ሲገናኙ እጥፋቶቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከተኙ ግን መስቀለኛው ላይ ይቆለሉና መርፌ ይሰብራሉ። ካውያውን ጫን፣ አንሳ አድርጊው፤ ከጎተትሽው ጨርቁ ይጣመማል።

ጥያቄ፦ በመሃል ስፖንጅ ባደርግስ?

መልስ፦ ለድስት አይሆንም፣ ይቀልጣል። ያረጀ ፎጣ ሁለት ድርብ ይበቃል። ያረጀ ጋቢ ደግሞ ራሱ አራት ድርብ ስለሆነ ከእሱ አንድ ቁራጭ ትልቅ ነገር ነው። ስጦታውን ለምትቀበለው ሰው ግን ይነገራት፤ እርጥብ መያዣ ሙቀቱን ቶሎ ያሳልፋል፣ እጅ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ሦስቱን፣ የካሬዎቹን ፊት፣ የፎጣ መሙያውንና ገበሩን፣ ደርቤ ስሰፋ የታችኛው ገበር ይጨማደድብኛል።

መልስ፦ ከመርፌው ሥር ያለው የመኪናው ጥርስ የታችኛውን ይስባል፣ ጨርቁን ከላይ የሚጫነው እግሩ የላይኛውን ይገፋል፤ ጨርቆቹ እኩል አይሄዱም። መሙያውንና ገበሩን 23 በ23 ቁረጡ፣ ትርፉ በኋላ ይስተካከላል። ከመኪና በፊት ሦስቱንም በእጅ በረጃጅም ስፌት በመስቀል ቅርጽ ያዙት። የስፌቱ ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ መርፌው ቁጥር 14፤ ፎጣው ከወፈረ 16። ሁልጊዜ ከመሃል ወደ ዳር። ከዳር ከጀመራችሁ ትርፉ ጨርቅ መሃል ላይ ታፍኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ስጦታው ድሪቶ እንዳይመስል ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቀለሙን ሦስት ላይ አቁሚ፣ አንዱ ነጭ ወይም አመድማ ይሁን። አምስት ጠቆር ያሉ፣ አራት ፈዘዝ ያሉ ካሬዎች አንድ አለፍ አንድ ሲደረደሩ ታስቦበት የተሠራ ይመስላል። ድሪቶ የሚያስመስለው የቀለም ብዛት ብቻም አይደለም፤ ጂንስ ከስስ ፖፕሊን ጋር ሲገጠም ስሱ ይሸበሸባል።

ጥያቄ፦ የሀበሻ ቀሚስ ጥበብ ተርፎኛል፣ ስቆርጠው ግን ይተረተራል።

መልስ፦ ሽመናው ልል ስለሆነ ነው። ከመቁረጥዎ በፊት በምልክቱ ግራና ቀኝ በ3 ሚሊ ሜትር ርቀት በደቃቅ ስፌት ይስፉበት፣ ከዚያ መሃሉን ይቁረጡ። ከጀርባው አቡጀዲ ይደርቡበት። የሚያብረቀርቅ ክር ካለው ለድስት ሳይሆን ለስኒ ማስቀመጫ ያድርጉት፣ ካውያም በጀርባው በኩል ብቻ።

ጥያቄ፦ ለባለቤቴ ሳታውቅ ልሠራላት ነው፤ መኪና የለኝም፣ ሰፍቼም አላውቅ።

መልስ፦ ስድስት የስኒ ማስቀመጫ ሥራላት፣ ወንድሜ፤ ዙሪያውን የሚሰፋ የጠርዝ ጨርቅ የለውም። 7 በ7 የሆኑ አራት ካሬዎች ሲጋጠሙ 12 ይሆናሉ። ከሥር መሙያውን፣ በላዩ የካሬዎቹን ፊትና የገበሩን ፊት ገጥመህ ዙሪያውን ስፋና 5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተው። ጥጎቹን ስፌቱን ሳትነካ ቁረጣቸው፣ በክፍቱ ገልብጠው፣ ክፍቱን በእጅ ዝጋው። 10 በ10 ይወጣልሃል። በየአምስት ስፌቱ አንዷን ወደ ኋላ መልሳት፤ ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስ ሁሉም አይፈታም።

ጥያቄ፦ የመያዣው ጠርዝ ጥግ ላይ ያብጥብኛል።

መልስ፦ ለጠርዙ ስፋቱ 4.5፣ ርዝመቱ 110 የሆነ ቁራጭ አዘጋጂ። ከመያዣው ጋር ፊት ለፊቱን ገጥመሽ ስትሰፊ ጥጉ 1 ሲቀረው ቁሚ፣ ሁለት ሦስት ስፌት መልሰሽ ክሩን ቁረጪ። ጠርዙን ወደ ላይ እጠፊው፣ ጥጉ ላይ ሰያፍ መስመር ይወጣል። አሁን መልሰሽ ወደ ታች አውርጂው፤ እጥፋቱ ከመያዣው ጫፍ ጋር እኩል ይሁን። ቀጣዩን ጎን ከራሱ ከጫፉ ጀምሪ። ያበጠብሽ ጥጉን ሳትቆሚ በመዞርሽ ነው። ከዚያ ወደ ጀርባ ገልብጠሽ 1 ወደ ውስጥ አጥፈሽ በእጅ ዘምዝሚው፤ ከተረፈው 12 ቁረጪና ለማንጠልጠያ አንዱ ጥግ ውስጥ ሸጉጪው።