ለመንዙማና ለብራና ጥናት ሶፍትዌር ይሠራ ወይስ አገልግሎቶችን እያገናኙ መጠቀም?

ጠያቂዋ እህቴ፣ «ከደሴ ዙሪያ የሰበሰብኳቸውን የዐጀሚ (በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የተጻፉ) መንዙማዎችና በብራና ኅዳግ ላይ ያሉ ማስታወሻዎች የምተነትንበት አንድ ትልቅ ሶፍትዌር ላሠራ ወይስ ኢንተርኔት ላይ ያሉ አገልግሎቶችን እያገናኘሁ ልጠቀም? በኛ ኔትዎርክስ ይሆናል?» ብለሻል። አብሽሪ፣ ሁለቱንም ሞክሬያቸዋለሁ። ሶፍትዌር አታሠሪ።

እኔ የጀመርኩት በማሠራት ነበር። ፎቶውን፣ ድምፁን፣ ቀኑንና የቦታ ስሙን ሁሉ አንድ ላይ የሚይዝ ፕሮግራም አንድ ጎበዝ ልጅ ሠራልኝ። ልጁ ሌላ ከተማ ሥራ ሲያገኝ ፕሮግራሙን የሚነካው ሰው ጠፋ፤ ላፕቶፕ የቀየርኩ ቀን ጭራሽ አልከፈት አለኝ። ገንዘብ ባላቸው አገሮችም ይህ ደርሷል። አሜሪካ ውስጥ በ2008 እ.ኤ.አ. በሜሎን ፋውንዴሽን ድጋፍ የተጀመረው ፕሮጀክት ባምቡ ለታሪክ፣ ለቋንቋና ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች የጋራ አገልግሎቶችን በአንድ ጥላ ሥር ሊያሰባስብ ተነሥቶ ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ቆመ።

አገልግሎት ስንል አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ፣ በራሱ አድራሻ የሚጠራ ፕሮግራም ማለታችን ነው። ጥያቄ ትልኪለታለሽ፣ መልስ ይመልስልሻል። እንደ ወፍጮ ቤት አስቢው፤ ወፍጮውን መግዛት አያስፈልግሽም። እህሉን መልቀሙና ማበጠሩ ግን ያንቺ ሥራ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚቸገረውም እዚያ ላይ ነው።

የቦታ ስምን ልንገርሽ። የሰበሰብኳቸውን ስሞች ካርታ ላይ እንዲያስቀምጥልኝ ለአንድ የቦታ ስም አገልግሎት ላክኋቸው። «ቦረና» ያልኩት የወሎው ቦረና ነበር፤ እሱ ግን ደቡብ ወርዶ የኦሮሚያውን ቦረና ሰጠኝ። «ሐይቅ» ስለውማ ከተማዋን ትቶ ውኃ ፍለጋ ሄደ። ቦሩ ሜዳ ተለያይቶ ሲጻፍ አገኘው፣ ተጋጥሞ ሲጻፍ አጣው። ስህተቱ የአገልግሎቱ ብቻ አልነበረም፤ ከስሙ ጋር ወረዳውንና አውራጃውን ያልላክሁት እኔ ነኝ። አሁን ስሙን በምንጩ ላይ እንደተጻፈው በአንድ ዓምድ፣ ለፍለጋ ያስተካከልኩትን በሌላ ዓምድ አኖራለሁ። ሐ፣ ሀ እና ኀን አንድ ማድረግ ለፍለጋ ይጠቅማል፤ ጸሐፊው የጻፈውን ማጥፋት ግን ምንጩን ማጥፋት ነው።

ቀን ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቂ፤ በወሎ መዛግብት ሂጅራውም (የእስልምናው አቆጣጠር)፣ ዓመተ ምሕረቱም፣ ዓመተ ዓለሙም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው) ይገጥምሻልና። ዓመተ ዓለምን በኛ አቆጣጠር ለማግኘት 5500 መቀነስ ነው፤ ለዚህ ማሽን አያስፈልግሽም። ሂጅራው ግን 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ከኛ ዓመት ወደ 11 ቀን ያጥራል፣ አንዱ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ በኛ ሁለት ዓመት ላይ ይወድቃል። 1300 ሂጅራ በኛ በ1875 ኅዳር ገብቶ በ1876 ጥቅምት ነው የሚያልቀው። መንዙማው ወሩን ካልነገረሽ አንድ ዓመት ብቻ የሚመልስልሽን አገልግሎት አትመኚው፤ ሁለቱንም ዓመት ጻፊ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድን ሸህ ከማረፋቸው በኋላ ደብዳቤ አጽፌያቸው ነበር፤ ያረሙኝ የልጅ ልጃቸው ናቸው።

የእጅ ጽሑፍ ለማስነበብ ትራንስክሪቡስን (የእጅ ጽሑፍ ፎቶን አንብቦ ወደ ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚለውጥ አገልግሎት ነው) ሞክሪ። ለራስሽ ጽሑፍ ለማሠልጠን ከ25 እስከ 75 ገጽ በእጅ የተገለበጠ ናሙና ይፈልጋል። ለግእዝ ቁም ጽሕፈት ልፋቱን ይከፍላል። ለዐጀሚ ግን ዐረብኛ እንዲያነብ የሠለጠነውን ሞዴል (ማንበቢያ ፕሮግራም) እንዳለ አትቀበይው፤ ለአማርኛ ድምፆች ሲባል የተለወጡትን ፊደላት ዐረብኛ እያደረገ ያነባቸዋል።

ኔትዎርኩን በተመለከተ ትሪፕል አይ ኤፍ (IIIF) የሚባለው፣ ቤተ መጻሕፍት የብራና ምስሎችን በኢንተርኔት የሚያቀርቡበት አሠራር ለኛ የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ሙሉውን ገጽ ሳታወርጂ፣ በአድራሻው ውስጥ የምትፈልጊውን ክፍልና መጠን ጽፈሽ የግርጌውን ማስታወሻ ብቻ ትጠሪያለሽ። የብራናዎቹን ቋሚ መለያም ያዢ። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በየጽሑፉ በተለያየ ስም ይጠራል፤ በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ስብስብ ግን ቁጥሩ 1832 ነው። በዚያ ቁጥር ስትሄጂ የሌላው ሰው ጥናትና ያንቺው ይገናኛሉ።

የተመለሰልሽን መልስ ሁሉ ከጠራሽበት ቀንና ከአገልግሎቱ ስም ጋር በተራ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጪ። አንድ አገልግሎት አሠራሩን ቀይሮብኝ የሁለት ወር ውጤቴን መድገም አቅቶኛል። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ መብራቱም ኔትዎርኩም ጠፋ፤ በፍላሽና በወረቀት የያዝኩት ብቻ ነው በእጄ የቀረው።

አንድ ነገር ከሁሉም በላይ አደራ እልሻለሁ። ኪታባቸውን ፎቶ ያነሣሁላቸው አንድ አባት «ይሄ ስዕሉ አሁን ወዴት ነው የሚሄድ?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ወደ ውጭ ሰርቨር የምትልኪ ከሆነ ሳታነሺ በፊት ንገሪያቸው። በሰው ቤት ያለ ብራናና ኪታብ ትክክለኛ ቦታውንም ለማንም አገልግሎት አትስጪ፤ ሌባም ካርታ ያነባል። ወረዳው ይበቃል።

ለመጀመር ሃያ መንዙማ ብቻ ምረጪ፤ ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን በኤክሴል ጻፊ። ከዚያ የቀኑን ዓምድ እዚሁ ለጥፊልን፣ የሂጅራውን አብረን እናያለን።