ጥያቄና መልስ፦ በመኪና ላይ የተጫነ የነዳጅ ታንክና ግፊቱ

ለትራክተርና ለጄኔሬተር የሚሆን ናፍጣ በፒክአፕ ወይም በአይሱዙ ጭናችሁ ከጎንደር ወደ መተማና ቋራ ለምትወርዱ፣ የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ጎንደር ላይ እስከ አፉ ሞልቼ ገንዳ ውኃ ስደርስ ክዳኑን ብከፍተው ናፍጣው ፊቴ ላይ ተረጨ። ለምን?

ናፍጣ ሲሞቅ ያብጣል። ማለዳ በ18 ዲግሪ የተቀዳ 1000 ሊትር፣ ቆላ ወርዶ 38 ዲግሪ ሲደርስ 16 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ታንኩ ጢም ካለና መተንፈሻው ከተደፈነ ያ ሁሉ መሄጃ የለውም። ከ95 በመቶ በላይ አትሙላ። ክዳን ስትከፍት ሞተር አጥፋ፣ ሲጋራ ያለውን ሰው አርቅ፣ ፊትህን ዘወር አድርግ። ትንሽ አላላውና ፍስስ ሲል እጅህን አቁም፤ ድምፁ እስኪያልቅ ጠብቅ።

በዚያው መንገድ የእኔ ታንክ ጎኑ ወደ ውስጥ ገባ። ግማሽ ብቻ ነበር የጫንኩት።

ያንተ ተቃራኒው ነው። ጎንደር 2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ መተማ 700 ገደማ። ስትወርድ የውጭው አየር ይከብዳል፤ ታንክህ ውስጥ የተዘጋው ግን የደጋ አየር ነው። ሙቀቱ ጥቂት ቢያግዘውም በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ከግማሽ ቶን በላይ ጫና ይቀራል። ጠፍጣፋ ጎን ያለው ታንክ ይህን አይችልም፣ እንደተረገጠ ጣሳ ይሰረጉዳል። መተንፈሻው ተደፍኖ በፓምፕ ብትስብም ውጤቱ ያው ነው።

ታዲያ ክዳኑን ላላ አድርጌ ብሄድስ?

አይሆንም። በየመታጠፊያው ይፈሳል። ወደ ውጭም ወደ ውስጥም የሚያስተነፍስ ቫልቭ ያለው ክዳን ግጠም። ከገጠምክ በኋላም እየው፤ የመንገዱ አቧራ ከናፍጣ ጋር ተቦክቶ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ፈተህ በንጹሕ ናፍጣ እጠበው፣ ውስጡ ያለውን ዲስክ በጣትህ ተጫነው። በስፕሪንጉ ካልተመለሰ ቀይረው።

ፓምፕ ስለሌለኝ በጎሚስታ ኮምፕሬሰር አየር እየሞላሁ ከበርሜል ባስወጣስ?

እባክህ ተው። የበርሜሉ የላይኛው ክብ ቆርቆሮ ስፋት ሩብ ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሽ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ብቻ ብትሰጠው ከ1 ቶን በላይ ይገፋዋል። ኮምፕሬሰሩ ደግሞ 8 ባር አለው። የእጅ ፓምፕ ግዛ፤ ርካሽ ነው።

የናፍጣ ታንኬ ላይ ቤንዚን ብጭንስ?

አትጫን። የቤንዚን ተን ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪም ይቀጣጠላል፤ ለናፍጣ የተሠራ ፓምፕ ደግሞ ብልጭታው አይታመንም። ቤንዚን በጄሪካን የምትቀዳ ከሆነም መጀመሪያ ጄሪካኑን ከመኪናው አውርደህ መሬት ላይ አስቀምጥ። ፒክአፑ ላይ በፕላስቲክ ንጣፍ ላይ ከሆነ ሲቀዳ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ቻርጅ መውጫ ያጣና ብልጭታ ሊሆን ይችላል።

የተሰነጠቀ ታንክ አዘዞ ወስጄ ላስበይደው ነው፤ ባዶ ነው።

ባዶው ነው የሚያስፈራው። ነዳጁ ቢያልቅም ተኑ አለ፣ ከአየር ጋርም ተቀላቅሏል። በዚህ ሥራ ልምድ ያለው ሰው በደንብ ሳያጥበውና ተኑን ሳያስወጣ ብየዳ አይነካው። አጥቤዋለሁ ብሎ አንድ ባልዲ ውኃ ያፈሰሰበትን ሰው አትመኑ።

ፓምፑ ከጠፋ በኋላ የመቅጃው ቱቦ ለምን ጠንካራ ይሆናል?

ግፊቱ ውስጡ ስለቀረ ነው። የታንኩን ቫልቭ ዝጋ፣ የመቅጃውን አፍ ወደ ዕቃ አድርገህ ክፈተውና የቀረውን አፍስስ፣ ከዚያ ጠቅልለው። ሞልተህ ዘግተህ ፀሐይ ላይ ከተውከው ከማያያዣው ላይ ይፈነቀላል።